ሺህ አርባ ስምንት ሲሊንደር

ጥር 28፣ ረቡዕ፣ 1989

ዛሬ ሦስት ማመልከቻ፣ አንድ የኪራይ ውል፣ አንድ የምስክር ወረቀት። የኪራይ ውሉ ሰውዬ "ተከራይ" የሚለውን ቃል አራት ጊዜ አስቀየረኝ። ለምን? እሱም አያውቅም። ጾሙ ሊያልቅ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ጣቴ ይዝላል... ሁለት ጊዜ "አመልካች" ልል ብዬ "አመላካች" ጻፍኩ።

እትዬ የሻሽወርቅ ለኮምፒውተሩ አዲስ ዳንቴል ሠርተውለት መጡ። ነጭ ነው፣ ጫፉ ላይ ሮዝ አበባ አለው። የጽሕፈት ቤቱ ባለቤት እሳቸው፣ የማሽኑም ባለቤት እሳቸው፣ መንካት የተፈቀደልኝ ግን እኔ ብቻ ነኝ። እሳቸው ራሳቸው እንኳ በሩቁ ነው የሚያዩት። "ብርድ ይመታዋል" ብለው ማታ ማታ ያለብሱታል። ሃያ ሁለት ሰፈር ውስጥ ዳንቴል የለበሰ ኮምፒውተር ያለን እኛ ብቻ ሳንሆን አንቀርም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አባቴ መጡ። እንደ ልማዳቸው ደፍ ላይ ቆመው ጎማ እንደሚያይ ሰው ዙሪያውን ቃኙ፣ ከዚያ ከጎኔ ተቀመጡ።

"የት ደረስን?"

"ሚሌ።"

ዓይናቸውን ጨፈኑ። ቀኝ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ማርሽ ያዘ። ነገሩኝ፣ ጻፍኩ። ከቦሌ የተነሳ አውሮፕላን በላያችን ሲያልፍ ዝም ይላሉ፤ ትልቅ መኪና እንደሚያሳልፉ። ካለፈ በኋላ ይቀጥላሉ።

አባ ሃያ ስምንት ዓመት በጭነት መኪና የነዱትን የአሰብ መንገድ ነው የምጽፈው። ከአዲስ አበባ ጀምሮ እያንዳንዱን ጠመዝማዛ፣ ውሃ የሚገኝበትን፣ ሻይ የሚጥምበትን፣ ፍሬን የሚግልበትን። ማን አዘዘኝ? ማንም። ክረምት ላይ ከሰፈራችን መስጊድ ወደ ቤት ሲመለሱ ጠፉብን። የዐሥር ደቂቃ መንገድ! አንድ ወያላ ነው ከቦሌ በኩል አግኝቶ ይዞልን የመጣው። ሐኪሙ ይሄ የመርሳት ነገር እየባሰ እንጂ እየተሻለ አይሄድም አለን። ያኔ ነው "ይንገሩኝና ልጻፈው" ያልኳቸው። እትዬ ሥራ በሚቀዘቅዝበት ሰዓት ፈቀዱልኝ።

ባለፈው ሳምንት ባቲን ጨረስን። ባቲ ላይ አንድ ነገር ነገሩኝ፣ በሳቅ ሞትኩ። "እናትሽ አታውቅም። አሰብ ስንደርስ እኔው ራሴ ነኝ የምነግራት" አሉ። እማ ማንበብ አትችልም፣ ቢሆንም እዚህም አልጽፈውም። ምስጢር ምስጢር ነው።

እስካሁን አንድም ገጽ አላተምኩም። የፕሪንተሩ ሪባን ደክሟል፤ ለደንበኛ ይቆይ ብዬ ነው። አሰብ ስንደርስ ሁሉንም አንድ ላይ አትማለሁ።

የካቲት 2፣ እሑድ

ዒድ። አልሐምዱሊላህ።

አባ ነጩ ጀለቢያቸው አምሮባቸዋል። ከስግደት መልስ ቤቱ ሞላ። ጎረቤታችን ጋሽ ገብረወልድ እንደ ሁልጊዜው ቆሰቆሷቸው፦ "ሱሌማን፣ እስቲ የአሰብን መንገድ!" ጨዋታ ሲጠፋ ሁሌም ይቺን ነው የሚጠይቋቸው። አባ ጀመሩ። ደብረ ብርሃን፣ ደብረ ሲና፣ ሸዋ ሮቢት፣ ከሚሴ፣ ኮምቦልቻ... ሚሌ።

ሚሌ።

እማ ሳህን ይዛ ቆማ ነበር። ማንም ልብ አላለም፤ ጋሽ ገብረወልድም "አቤት ያ ሙቀት!" ብለው ስለ ሚሌ ቀጠሉ። እሷና እኔ ብቻ ተያየን።

ዕቃ ስናጥብ "ባቲን አለፏት" አለች። እማ የባቲ ልጅ ናት። አባ ያገኟት እዚያ ነው፣ የዛሬ ሠላሳ አንድ ዓመት።

"ኮምፒውተሩ ውስጥ አለች፣ እማ። አባ የነገሩኝ በሙሉ አለ" አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። ያመነችኝ አልመሰለኝም። ኮምፒውተር አይታ አታውቅ፣ በምን ታምን?

የካቲት 4፣ ማክሰኞ

አልነሳም አለ።

ለዒድ ስቀር እትዬ "ባለሙያው በሌለበት ኤሌክትሪክ አይታመንም" ብለው ከሶኬቱ ነቅለው ዳንቴሉን አልብሰውታል። ሰካሁት። ተጫንኩት። መብራቱ በራ፣ ማራገቢያው ዞረ፣ ጢጥ አለ። ጽሑፍ ቶሎ ቶሎ እያለ አለፈ። ከዚያ ጥቁሩ ስክሪን ላይ አንድ መስመር ቀረ፦ ሲ ድራይቭ ፌይለር።

አጠፋሁ፣ አበራሁ። ያው። ዲስኬት ውስጡ ረስቼ ይሆን? የለም። ገመዶቹን ነቅዬ ሰካሁ። ያው። እትዬ ቤት ሄደው ጠበል ሊያመጡ ተነሱ። "ውሃና ኤሌክትሪክ እትዬ!" ብዬ በግድ አስቀመጥኳቸው።

ዑቕባይ ጋ ደወልኩ፣ ቦሌ መንገድ ላይ ኮምፒውተር የሚጠግነው። መጨረሻ ላይ የቀረችውን መስመር አነበብኩለት።

"ሃርድ ዲስኩ ሄዷል" አለ።

"የት ሄደ?"

"ሞቷል ማለቴ ነው። ቅዳሜ አዲስ ይዤ መጥቼ እቀይርልሻለሁ።"

"ውስጡ ያለውስ?"

"ምን ነበረበት?"

"መንገድ" አልኩት። ምን ብዬ ላስረዳው?

ዲስኬት ላይ ብገለብጠው ምን ነበረበት! አንዲት ዲስኬት! ለደንበኛ "መገልበጥ አይርሱ" እያልኩ የምመክር ሰው እኮ ነኝ። ቂል።

የካቲት 5፣ ረቡዕ

አባ "ዛሬ አንጓዝም?" አሉ። ሥራ በዝቷል አልኳቸው። ዋሸሁ። ቀኑን ሙሉ በታይፕራይተር ስገጫገጭ ዋልኩ።

የካቲት 6፣ ሐሙስ

ሳልጠራቸው መጡ።

"ምን ሆነ?"

"አልነሳም አለ።"

ስሙ እንደተጠራ ሰው ቀና አሉ። "አልነሳም አለ ነው፣ ወይስ ተነስቶ ጠፋ?"

"አልነሳም አለ።"

"ይዞራል?"

"ምኑ?"

"ሞተሩ ነዋ።"

"ሞተር የለውም፣ አባ።"

"የሚዞር ነገር ይሰማኛል'ኮ።"

"ማራገቢያው ነው።"

"ባትሪውስ?"

"ባትሪ የለውም። ሶኬት ላይ ነው የሚሰካው።"

"የሚነሳ ነገር ሁሉ ባትሪ አለው።"

"አባ! መኪና አይደለም እኮ!"

ጮህኩባቸው። ማመልከቻ የሚያስጽፉት ሁለቱ ሴቶች ዞረው አዩን። አባ ኮፍያቸውን አስተካክለው ወጡ። እትዬ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው "አባትሽን ነው?" አሉኝ። ከዚያች ቃል ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር።

ለምን ተቆጣሁ? በሳቸው አይደለም... እንደገና ሊነግሩኝ አይችሉም። ያ ነው ነገሩ። ትናንት ማታ ቀስ ብዬ ሞከርኩ። "አባ፣ ከኮምቦልቻ ቀጥሎ ማን ነው?" "ሚሌ።" በልበ ሙሉነት! ባቲ ያለችው እዚያ ሳጥን ውስጥ ብቻ ነው። እሷን ደግሞ ቅዳሜ ዑቕባይ ነቅሎ በቦርሳው ይዟት ሊሄድ ነው።

የካቲት 7፣ አርብ

ጠዋት ሻይ ሲጠጡ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። "አባ፣ ስለ ትናንቱ አፉ ይበሉኝ።"

"ስለ ምኑ?" አሉ።

ረስተውታል? ወይስ ሊያሳርፉኝ ነው? እስካሁን አላወቅሁም። "አፉ ብያለሁ" አሉ ለማንኛውም።

"ኮምፒውተሩን እንደ መኪና ይዩልኝ" አልኳቸው።

ከጁምዓ መልስ መጡ። ዳንቴሉን በሁለት እጃቸው አንስተው አጥፈው ለእትዬ ሰጡ። ወንበሩን ስበው ጆሯቸውን የሳጥኑ ጎን ላይ አደረጉ። እትዬ በቀኝ ቆመው፣ እኔ በግራ።

"አስነሺው። ዝም በሉ እንግዲህ።"

አስነሳሁት። ማራገቢያ፣ ጢጥ፣ ጽሑፍ፣ ሲ ድራይቭ ፌይለር።

"መጀመሪያ ላይ ምን አለ?"

"መጨረሻው ነው ዋናው፣ አባ። ስህተቱ እዚያ ላይ ነው የተጻፈው።"

"አይደለም። ሞተር ሲታመም የመጀመሪያዋን ሳል ነው የምትሰሚው። መጨረሻው ምንጊዜም አንድ ነው፣ ቆመ። ለምን እንደቆመ የምትነግርሽ የመጀመሪያዋ ናት።"

የበሉትን ይረሳሉ። የት እንዳሉ ይጠፋባቸዋል። ይሄን ግን... ይሄን አይረሱም።

ጽሑፉ ይሮጣል፤ ማን ያነበዋል? ከዚያ ትዝ አለኝ፣ "ፖዝ" የምትል ቁልፍ አለች፣ በስተቀኝ ጥግ ላይ። አንድም ቀን ነክቻት አላውቅም። እንደገና አስነስቼ ጽሑፉ ሲጀምር ተጫንኳት። ቆመ! ከላይ፣ ከሁሉም በላይ፣ ሦስት ቀን ሙሉ በዓይኔ ፊት ሲያልፍ የነበረ መስመር፦ ሲሞስ ባተሪ ሎው።

ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

"ምን ይላል?"

"...ባትሪ ደክሟል ይላል።"

አባ አልሳቁም። አልኮሩብኝም። "እንግዲህ" አሉ ብቻ። በእኔ የሳቁት እትዬ ናቸው፣ እንባቸው እስኪወርድ፣ ዳንቴሉን አፋቸው ላይ ይዘው።

ዑቕባይ ጋ ደወልኩ። "ኧረ! ይሄን ለምን ያኔ አልነገርሽኝም? እንዲያ ከሆነ ዲስኩ ደህና ሊሆን ይችላል። እናት ቦርዱ ላይ ትንሽዬ ባትሪ አለች፤ እሷ ስትሞት ማሽኑ ይረሳል። ዲስኩ እዚያው አለ፣ ማሽኑ መኖሩን ነው የረሳው። ባትሪዋን ቀይሪ፤ ዲስኩ ጀርባ ላይ የተጻፉ ቁጥሮች አሉ፣ እነሱን አስገቢለት። ካልሆነ ነገ እኩለ ቀን ላይ ስመጣ እናየዋለን።"

ዲስኩ እዚያው አለ፣ መኖሩን ነው የረሳው... ስልኩን አስቀምጬ አባን አየኋቸው። ካቻቢቴያቸውን ከቤት ሊያመጡ ተነስተዋል። አብሬያቸው ሄድኩ።

የካቲት 8፣ ቅዳሜ

ቀን ወጣልኝ! በሥርዓቱ ልጻፈው።

ጠዋት ማዞሪያው አጠገብ ካለው ሰዓት ሠሪ፣ ጋሽ ገብረሃንስ ጋ ሄድን። የባትሪዋን ዓይነት ዑቕባይ በስልክ ነግሮኝ ነበር፤ ትልቅ ሳንቲም ታክላለች። ጋሽ ገብረሃንስ በአጉሊ መነጽር ገልበጥ ገልበጥ አድርገው እያዩ "ይቺ ለየትኛው ሰዓት ናት?" አሉ። አባ "ለአሰብ መኪና" አሉ፣ ፊታቸው ሳይፈታ። እየቀለዱ ነው ወይስ...? ሰዓት ሠሪው ሲስቁ እሳቸውም ሳቁ። አልሐምዱሊላህ፣ ቀልድ ነው። ባትሪዋን እስክንደርስ በጭብጣቸው ይዘዋት ሄዱ።

ክዳኑን አባ ፈቱት። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ካቻቢቴው ብሎኑን ሲነካ ግን ይረጋል። እያንዳንዱን ብሎን በተፈታበት ቅደም ተከተል ዳንቴሉ ላይ ደረደሩ፣ ሮዝ አበባዎቹን ተከትለው። እትዬ ትንፍሽ አላሉም፤ ዳንቴላቸው ብሎን ሲሸከም እያዩ ዝም ማለታቸው ፍቅር ካልሆነ ምንድን ነው? ውስጡ አቧራ ብቻ። አባ በከንፈራቸው እፍ እፍ አሉት። አሮጌዋን አውጥቼ አዲሷን ከተትኩ።

አስነሳሁ። ሲ ድራይቭ ፌይለር።

እትዬ አማተቡ። አባ ብቻ አልደነገጡም። "ባትሪ ሲቀየር ወዲያው ይነሳል ያለሽ ማን ነው? ቁጥሮቹስ? ያ ልጅ ቁጥር አለ አላልሽም?"

እውነታቸውን ነው። ረስቼው ነበር... እኔ!

ማስተካከያው ገጽ ውስጥ ገባሁ። ሰማያዊ ነው። ዲስኩ ጀርባ ላይ በጣም ደቃቅ ጽሑፍ፤ የእትዬን መነጽር ተዋስኩ። "ሲ-ዋይ-ኤል፣ 1048" ይላል። ምንድን ነው ሲ-ዋይ-ኤል? ስክሪኑም ላይ ሲ-ዋይ-ኤል የሚል ባዶ ቦታ አለ። ግን ምን ማለት ነው? የተሳሳተ ቦታ አስገብቼ ጨርሶ ባጠፋውስ?

"በይ ፊደሉን ድገሚልኝ" አሉ አባ።

"ሲ... ዋይ... ኤል።"

"ሲሊንደር ነዋ! የመለዋወጫ ካርቶን ሁሉ ላይ የሚጻፈው ይሄ አይደል?"

"ኮምፒውተር ሲሊንደር አለው እንዴ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ? የተጻፈው እሱ ነው። ስንት ነው?"

"ሺህ አርባ ስምንት።"

አባ ከወንበራቸው ተነሱ። "ሺህ አርባ ስምንት ሲሊንደር! አጃኢብ! የኔ ኤንትሬ መኪና ስድስት ነበራት፣ በስድስት ሲሊንደር ከነተሳቢዋ የጣርማ በርን ዳገት ትወጣ ነበር! ይሄ በሺህ አርባ ስምንት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ አይነሳም? ቀጥሎስ?"

"ኤች-ዲ፣ ዐሥራ ስድስት... ስክሪኑ ላይ 'ሄድ' ይላል።"

"ቴስታታ።" የሞተር ራስ ማለታቸው ነው። እርግጠኛ ናቸው። "ሲሊንደር ካለ ቴስታታ አለ። ጻፊ።"

ሦስተኛው ሴክተር ይላል፣ ስልሳ ሦስት። እሱን አባም አያውቁትም፤ "እሱ የራሱ ጉዳይ ነው" አሉ። ከዚያ ቀንና ሰዓት ጠየቀ። የዛሬን አስገባሁ፤ ስድስተኛ ወር፣ ቀን ስምንት፣ 1989። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሃያ።

"ቢስሚላህ" አሉ አባ። እትዬም "በስመ አብ" አሉ። ተጫንኩት።

ጢጥ። ጽሑፍ... ከዚያ ግርርር የሚል ድምፅ፣ ከማክሰኞ ጀምሮ ያልሰማሁት። አባ ጣታቸውን አነሱ። "ያዘ" አሉ፣ ስክሪኑ ላይ ምንም ከመምጣቱ በፊት። እውነትም ያዘ። ፋይሉን ከፈትኩ። ባቲ አለች። ከኮምቦልቻና ከሚሌ መሃል፣ ቦታዋ ላይ።

እትዬ እልልታቸውን አቀለጡት። ልዘጋው እጄን ስሰነዝር አባ ያዙኝ። "አታጥፊው! ትንሽ ይሙቅ።"

እኩለ ቀን ላይ ዑቕባይ አዲስ ዲስክ በቦርሳው ይዞ መጣ። አየው፣ ነካካው፣ ሳቅ ጀመረ። "እህቴ፣ ያስገባሽው የኛን 1989 ነው'ኮ። እሱ የሚያውቀው የፈረንጁን ነው። የፈረንጅ 1989 ማለት በኛ ሰማንያ አንድ ነው። ማሽኑን ስምንት ዓመት ወደኋላ መለስሽው! ሰዓቱም ሌሊት ሆኗል። ላስተካክልልሽ?"

"ሰማንያ አንድ?" አሉ አባ። "ያኔ እኔ ገና እነዳ ነበር። ተወው ባክህ።"

ዑቕባይ ወደ እኔ አየ። "ተወው" አልኩት። ተወው።

ሪባኑ ደከመስ ምን ይሁን! አተምኩት። ሠላሳ አራት ገጽ፣ ግራጫ ነው፣ ግን ይነበባል። ሁለት ዲስኬት ላይም ገለበጥኩ። አንዱን እትዬ ጡታቸው ውስጥ ሸጎጡት።

የካቲት 9፣ እሑድ

ከአዲስ አበባ ተነሳን። በየጠዋቱ ሥራ ከመግባቴ በፊት ትንሽ ትንሽ አነብላቸዋለሁ። አባ ያዳምጣሉ፣ እማም ትሰማለች።

የካቲት 13፣ ሐሙስ

ከሚሴ። አባ አንድ ቦታ ላይ አረሙኝ፤ ድልድዩ በግራ ነው አሉ። አረምኩ።

የካቲት 17፣ ሰኞ

ዛሬ ተራው ባቲ ነው። ሰኞ፣ የባቲ ገበያ ቀን። አስቤበት አይደለም፣ እንዲሁ ገጠመ።

"አሰብ ስንደርስ እኔው ራሴ ነኝ የምነግራት" ብለው ነበር። ትናንት ማታ ጠየቅኳቸው። "ለእማ ስለ ባቲ የሚነግሯት ነገር ነበር፣ ትዝ ይልዎታል?" አሰቡ... አሰቡ። "አንቺ ንገሪያት" አሉ። ድምፃቸው ቀጭን ነበር።

ስለዚህ አነበብኩ። ቃሉ የሳቸው ነው፣ አንዲት ፊደል አልጨመርኩም፦

"ባቲ መግቢያ ላይ ሦስት ጠመዝማዛ አለ። ሁለተኛው ላይ ጥሩምባ አትንፊ፣ ግመል ይደነብራል። ሰኞ ከሆነ አትቸኩዪ፤ መንገዱ የገበያተኛው ነው። በሃምሳ ስምንት አንድ ሰኞ፣ እዚያ ዳር ሎሚ የምትሸጥ ልጅ ነበረች። ሎሚ ገዛሁ። ዞሬ መጥቼ ሌላ ሎሚ ገዛሁ። ከዚያ በላይ ሎሚ ምን አደርገዋለሁ? ሰው ሳያየኝ የባትሪውን ገመድ ራሴ ፈታሁትና መኪናው አልነሳም አለ አልኩ። ሦስት ቀን ባቲ ቆየሁ። ልጅቷ ለምስኪኑ ሾፌር ከእናቷ ቤት ወጥ ይዛ መጣች። በአራተኛው ቀን ሽማግሌ ላክሁ። እሺ ሲሉኝ ገመዱን መልሼ አሰርኩት።"

እማ ብርጭቆ እንደያዘች ቀረች።

"ገመዱን?" አለች። "ራሳቸው?"

"ራሳቸው።"

"ሠላሳ አንድ ዓመት! ሦስት ቀን ሙሉ ዱዓ አደረግሁለት እኮ! ለዚያ መኪና! እናቴን ሁሉ ዱዓ አስደረግኋት!"

ሳቀች። እማ እንዲህ ስትስቅ መቼ ነው ያየኋት? በሻሿ ዓይኗን ጠረገች፣ እንደገና ሳቀች። አባም ከልባቸው ሳቁ፣ ጉልበታቸውን እየመቱ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

"ዘዴኛ ሾፌር ነው" አሉ። "ልጅቷስ? አገባችው?"

ወረቀቱን ያዝኩት እንጂ አላየሁትም። እማ ብርጭቆውን አስቀምጣ አጠገባቸው ተቀመጠች።

"አገባችው" አለች።

"አበጀች" አሉ አባ።

ታክሲ እንዳያመልጠኝ ወረቀቱን መሰብሰብ ጀመርኩ። "ነገ ከየት ነው የምንነሳው?" አሉኝ።

"ከሚሌ" አልኩ።

"ከባቲ" አለች እማ።